የተተኪዋ ምትክ

የማይሊን ታካዳዎ ሙያ በወለዱ ሴቶች ወንበር ላይ መቀመጥ ነበር። ባሕር ማዶ ኢሎይሎ ከተማ ካለው ቤቷ ሳትወጣ፣ በኢንተርኔት፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ዘጠኝ አውስትራሊያውያን እናቶችን ተክታለች። የጥርስ ሐኪም ቤት ስልክ አንስታለች፤ ለጠበቃ ቀጠሮ ይዛለች፤ የተቆጡ የሴራሚክ ሱቅ ደንበኞችን አባብላለች። የማን ሕፃን ሆዱን እንደሚቆርጠው፣ የማን ልጅ ጡት አልይዝ እንዳለ ሳይቀር ታውቃለች። እናቲቱ ስትመለስ አለቆቹ «አንቺ እኮ ቤተሰባችን ነሽ» ይሏታል፤ በማግስቱ የይለፍ ቃሏ ይዘጋል። ውሏ ላይ «ነጻ ባለሙያ» ተብላ ተጽፋለች። እውነት ነው፤ ከዓመት ፈቃድም፣ ከሕመም ፈቃድም፣ ከወሊድ ፈቃድም ነጻ ነበረች።

አሥረኛዋ ኪራ የምትባል የእንስሳት ሐኪም ቤት ጸሐፊ ነች። የሐኪም ቤቱ ባለቤት ብሮንዊን፣ «ኪራ እስክትመለስ አንድ ቀን ሥራው ካልተጓደለ ቋሚ አደርግሻለሁ» ብላ ለማይሊን ቃል ገባችላት። ኪራ የምትመለሰው በሚያዝያ ነው። ማይሊን ደግሞ በየካቲት ልትወልድ ነው። ይህን ለማንም አለቃ አልተነፈሰችም፤ ካሜራው የሚያሳየው ከአንገት በላይ ነው፣ አንገት ደግሞ አያረግዝም።

ጭንቁ የመጣው ከበሩ ነው። ኢንተርኔቱ የጎረቤት ስለሆነ ከግንቡ አልፎ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ስለዚህ ማይሊን ትንሽ ጠረጴዛዋን ደፉ ላይ አድርጋ ትሠራለች። አማቷ ናናይ ኮንራዳ («ናናይ» በአገሩ ቋንቋ «እማማ» ማለት ነው) ደግሞ አርባ ዓመት አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ሲናገሩ አውራ ዶሮው እንኳ ዝም የሚልላቸው ሴት ናቸው። ነፍሰ ጡር በር ላይ ከተቀመጠች ልጁ መውጫው ላይ እንደሚቀር ያምናሉ።

«ተነሺ አልኩሽ! ልጄ መርከብ ላይ ሆኖ አደራ ያለው እኔን ነው።»

«ናናይ፣ ጓዳ ገብቼ ልሥራ እንዴ? መስመሩ አይደርስም።»

«ልጁም እንደ መስመሩ አይደርስም።»

«እንግዲያው ምጥ ሲጠናብኝ ለብሮንዊን አመለክታለሁ።»

«ቀልጂ አንቺ! ቀልድ አያዋልድም።»

አንድ ማለዳ ማይሊን ከብሮንዊን ጋር በካሜራ ስትነጋገር ናናይ ከገበያ ተመለሱ። «ዛሬም?» ብለው ሲጮኹ፣ ማይሊን የቀድሞ ተማሪዎቻቸው እንደሚያደርጉት ሳታስበው ብድግ አለች። ስክሪኑን ሆዷ ሞላው።

ብሮንዊን እንባዋን ጠረግ አደረገች።

«እንኳን ደስ ያለሽ! እናት ማረፍ አለባት። ለኪራ ዓመት ሙሉ የሰጠኋት ለዚህ እኮ ነው። አንቺም የፈለግሽውን ያህል እረፊ።»

«ሥራውስ፣ ማዳም?»

«እሱማ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ለተተኪ ተተኪ የለም፤ አሠራራችን ነው።»

የማይሊን ቋሚ ሥራ ዓይኗ እያየ ሲሄድ፣ ናናይ ዘንቢሉን አስቀምጠው፣ ምራታቸውን በክንዳቸው ገለል አድርገው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አደረጉና በዚያ በክፍል እንግሊዝኛቸው፣

«ስምሽ ማን ነው?» አሉ።

«ብሮንዊን…»

«ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ፣ ብሮንዊን። እኔ መውለዴን ጨርሻለሁ፤ ይህ በር ምንም አያደርገኝም። አርባ ዓመት የልጆች ስም መዝግቤአለሁ፤ የውሻና የድመት አይከብደኝም። ከነገ ጀምሮ እተካታለሁ። ክፍያውም፣ ቋሚነቱም የእሷ ነው። ሥራው አንድ ቀን አይጓደልም፤ ቃል የገባሽላት እንደዚያ መሆኑን ነግራኛለች።»

ብሮንዊን ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

«እሺ፣ ማዳም» አለች።

በየካቲት ሴት ልጅ በሰላም ተወለደች፤ ናናይ ምስጋናውን ጠቅልለው ለራሳቸው ወሰዱ። በባሕር ማዶ ደግሞ የውሻውን ክትባት ያሳለፈ ሁሉ ይገሠጽ ጀመር፤ ለቀጠሮ የሚያረፍድ ሰው ጠፋ። ኪራ በሚያዝያ ስትመለስ የማይሊን የቋሚነት ደብዳቤ መጣ። ብሮንዊን ፈራ ተባ እያለች፣ ማይሊን መቼ ሥራ እንደምትጀምር ጠየቀች።

«አራስ ናት» አሉ ናናይ። «ሌላ ጥያቄ ካለሽ እጅሽን አውጪ።»