ከጠፋው ፕሮግራም የተረፈው አዛን

ከመሀል ጎንደር ወደ ከተማው ዳር ቤት ስንቀይር እናቴን አንድ ነገር ብቻ አስከፋት፤ የመስጊዱ አዛን እዚያ አይሰማም። እኔ ደግሞ እንጀራዬ ኮምፒውተር ነው፤ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት አለኝ። ምን ችግር አለው ብዬ ከሱቅ አንዱን አሮጌ ኮምፒውተር አምጥቼ ሳሎን አስቀመጥኩላትና አዛን የሚያሰማ ፕሮግራም ጫንኩበት። ከተማ ምረጪ ሲለኝ ጎንደር ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ከመካ የሚበልጥ የት አለ ብዬ መካን መረጥኩ። ሰዓታችንም አንድ ነው።

ሰዓቱ አንድ ቢሆንም መካ ላይ ፀሐይ ከእኛ ቀድማ እንደምትጠልቅ የነገረኝ፣ ረመዳን ሊገባ ሲል ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የመጣ የቁርኣን መምህር ነው። አፈርኩ። የዚያኑ ዕለት ፕሮግራሙን አጠፋሁት። ጠፍቷል የሚል መልእክት መጣልኝ፤ እኔም አመንኩት። በምትኩ ጎንደርን የሚያውቅ ሌላ ጫንኩና ዞር ብዬም አላየሁት። ረመዳን ሙሉ ደንበኛ አይለቀኝም፤ እዚያው ሱቅ በተምርና በውኃ አፈጥርና ከመሸ ነው ቤት የምገባው።

ረመዳን ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው በሱቁ በኩል መብራት ጠፋና በጊዜ ዘግቼ ወደ ቤት ሄድኩ። በሩን ስከፍት አዛን ተለቀቀ። ድምፁን አወቅሁት፤ ያጠፋሁት ፕሮግራም ድምፅ ነው። ዞር ብዬ ባይ ፀሐይዋ ገና የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ናት።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ፕሮግራሙ ሲጠፋ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የሚነሳውን ቁራጭ ትቶ ሄዷል፤ መካም እዚያ ቁራጭ ውስጥ ቀርታለች። የስንቱን ሰው ኮምፒውተር ያጸዳሁ ሴት የእናቴን ሳላጸዳ ወር ሊሞላኝ ነው። ስኳር አለባት፤ ሐኪም አትጹሚ ሲላት እምቢ ብላ የጾመችው ሴት ናት። ታዲያ ያ ሁሉ ጾሟ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሲፈታ ከረመ? እንደገና ጹሚ፣ ቀዷ አውጪ ብላትስ በምን አቅሟ?

ጫማዬን ሳላወልቅ ገባሁ።

«እማዬ፣ እንዳትበይ፣ ገና ነው።»

እጆቿን ለዱዓ ዘርግታ ተቀምጣለች። ተምሩ ሳይነካ ፊቷ አለ።

«ምነው ትጮሂያለሽ? መቼ በላሁ?» አለችኝ። «ይኼ የዱዓው ነው። የማፍጠሪያው ቀጥሎ ይመጣል።»

ለካ ገና በመጀመሪያው ቀን ፀሐይዋን በመስኮት አይታ ኖሯል። አስቤበት፣ ከማፍጠሪያው በፊት ዱዓ እንድታደርግ የሚያስታውሳት ያስገባሁላት መስሏታል። ልጄ ሸጋ ነገር ሠራችልኝ እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታለች። ግድግዳውን ተደግፌ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። አልሐምዱሊላህ አልኩ፣ ሳቅኩ፣ ደግሞ አልሐምዱሊላህ አልኩ። የተሸከምኩትን ኩንታል ያወረዱልኝ ያህል ቀለለኝ። የተረፈ ቁራጭ ነው እንጂ እኔ አላሰብኩበትም ልላት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

በዚያች ሰዓት ምን እንደምትለምን ጠየቅኳት።

«አንድ ቀን እንኳ አብረሽኝ እንድታፈጥሪ» አለችኝ።

ሁለተኛው አዛን ሲለቀቅ ተምሩን ወደ እኔ ገፋችው።