ከቃለ ጉባኤው ጀርባ

በኢትዮጵያ ምድር ፈተና በማረም የሚቀድመኝ መምህር ገና አልተወለደም፤ ቢወለድም አይደርስብኝም። የሰማንያ ተማሪ ወረቀት ይዤ ቦንጋ መናኸሪያ ባጃጅ ውስጥ ከገባሁ፣ ዩኒቨርሲቲያችን በር ላይ ስወርድ አርሜ ጨርሻለሁ፤ ጭቃው ባጃጁን ከያዘው ደግሞ ድምሩን ሁለት ጊዜ አጣራለሁ።

በዚህ ፍጥነቴ ስኮራ ኖሬ፣ ከየት እንደመጣ የነገሩኝ የዲፓርትመንታችን ጸሐፊ ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስላስጠነቀቁኝ እትዬ ብቻ ልበላቸው። ጡረታ ሊወጡ ትንሽ የቀራቸው፣ ዶክተሩንም ፕሮፌሰሩንም “አንተ” የሚሉ ሴት ናቸው።

ወሩ ሰኔ ነበር። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሰኔ ማለት በጀት የሚዘጋበት፣ ወረቀት የሚጠፋበት ወር ነው። ንብረት ክፍል ብትሄድ “ግዢ ላይ ነው” ትባላለህ። አንድ እሽግ ወረቀት ይዞ በኮሪደር የሚያልፍ ሰው እንደ ሙሽራ ይታጀባል። ስለዚህ በእኛ ዲፓርትመንት አንድ ልማድ አለ። እያንዳንዱ ፈተና መጨረሻ ላይ ለሙከራ ተብሎ አንድ ባዶ ወረቀት ይታሰራል፤ ተማሪው ካልተጠቀመበት መምህሩ ገንጥሎ ሌላ ሥራ ይሠራበታል። ሌሎቹ መምህራን አርመው፣ አገላብጠው አይተው ነው የሚገነጥሉት። እኔ ፈጣን ስለሆንኩ መጀመሪያ ገንጥዬ ነው የማርመው። የውጪው ገጽ ባዶ ከሆነ ይበቃኛል። የካውንስላችንን ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝና፣ ረቂቁን የምጽፈው በእነዚህ ወረቀቶች ላይ ነበር።

በዚያ ሰኔ አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ ከቢታ ገነት ወዲያ ካለ ቀበሌ የመጣች ልጅ፣ እኔ በማስተምረው የአፈርና ውሃ ጥበቃ ኤፍ አገኘች። ያ ኤፍ ከጸና ከዩኒቨርሲቲው ትሰናበታለች። “ወረቀቴ እንደገና ይታይልኝ” ብላ አመለከተች፤ ጉዳዩም በደንቡ መሠረት ወደ ካውንስል መጣ።

ኃላፊያችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ወረቀቷን አገላበጡ። ሃያ ነጥብ የያዘው የመጨረሻ ጥያቄ ሥር ያለው የተሰረዘ ነገር ብቻ ነው፤ ከጎኑ “መልሱ ከኋላ አለ” ይላል።

“ልጅቷ መልሻለሁ ነው የምትለው እኮ” አሉ።

“ጋሼ፣ እኔም ከኋላ አይቻለሁ። ከኋላ ያለው የስቴፕለር ሽቦ ነው። ለሽቦ ስንት ይሰጣል?”

ቤቱ ሳቀ። እኔ ደግሞ ሰው ሲስቅልኝ ማቆሚያ የለኝም፤ “ባዶ ቦታ በሁለት መምህር ቢታይ ሁለት ጊዜ ባዶ ይሆናል እንጂ አይሞላም” ብዬ ጨመርኩ። ጋሼ ብቻ አልሳቁም። እጅ ወጣ፤ “ቅሬታው ተቀባይነት አላገኘም” ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩና ረቂቁን ለእትዬ ሰጠኋቸው፣ እንዲተይቡት።

በማግስቱ ጠዋት አስጠሩኝ።

“አንተ፣ ይሄን ቃለ ጉባኤ ከየት ነው የምጀምረው?”

“ከላይ ነዋ እትዬ።”

“ከፊቱ ነው ከጀርባው?”

ገለበጡልኝ። ከላይ ጥግ ላይ የልጅቷ መታወቂያ ቁጥር አለ። ከሥሩ ደቃቅ ጽሕፈት፣ እስከ ታች ጠርዝ ድረስ። ከአባቷ የእንሰት ማሳ በላይ ያለውን ዳገት ሥላ፣ ጎርፉ ከየት እንደሚነሳ፣ እርከኑ የት የት ቢሠራ እንደሚይዘው፣ የትኛው ዛፍ መቆረጥ እንደሌለበት አስረድታለች። እኔ አንድ ሙሉ ሴሚስተር በስላይድ ያልቻልኩትን በአንድ ገጽ ጨርሳዋለች። በሌላው ገጽ፣ እዚያው ወረቀት ላይ፣ ምንም አልጻፈችም ብሎ ካውንስሉ ወስኗል።

ያንን ወረቀት ያየነው እኔና እሳቸው ብቻ ነን። ይህን አሰብኩ፤ አላሰብኩም ብል ውሸት ነው።

“እትዬ፣ ሻይ ልጋብዝዎት?”

“ሻዩ ይቆይ። ሬጅስትራር ዛሬ ከሰዓት ውጤት ይዘጋል። ልጅቷም ፍራሿን እያሰረች ነው።” ስልኩን አንስተው ያቀበሉኝ እሳቸው ናቸው።

ጋሼ ለለቅሶ ወደ ሺሺንዳ መንገድ ጀምረው ነበር። ነገሩን ነገርኳቸው። ከዚያ “ወራጅ አለ!” ሲሉ በስልኩ ሰማሁ። በሰው ሞተር ብስክሌት ተፈናጥጠው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው ደረሱና አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ። የሆነውን ራሴ ተናገርኩ። ትናንት በቀልዴ የሳቁት ሁሉ ጠረጴዛውን ያያሉ። ያባርሩኛል ብዬ ስጠብቅ ጋሼ፣ “ዛሬ ቃለ ጉባኤ ሌላ ሰው ይያዝ። ከእሱ ፊት ያለውንም ወረቀት አርቁልኝ” አሉ። በዚያች ቀልድ ነው የተረፍኩት። እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ፤ ሊያዋርዱኝ ይችሉ ነበር።

ሁለት መምህራን እዚያው ቁጭ ብለው አረሙት፤ ከሃያ አሥራ ሰባት። ልጅቷ አለፈች። ውጤት መቀየሪያው ቅጽ ላይ ምክንያት በሚለው ቦታ “የድምር ስህተት” ብዬ ጻፍኩ። እትዬ ቅጹን መለሱልኝ።

“ድምር ምን አደረገህ?”

አዲስ ቅጽ ሰጡኝ፤ በዚያ የወረቀት ረሃብ! “መምህሩ የመልሱን ወረቀት ሳያይ ገንጥሎ ቃለ ጉባኤ ጽፎበታል” ብዬ ፈረምኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቅጹ ሬጅስትራር ገባ።

ዛሬ እትዬ ጠረጴዛ ሥር አንድ ካርቶን አለ፤ የማንም መምህር የተገነጠለ ወረቀት እዚያ ገብቶ፣ እሳቸው ሁለቱንም ፊት አይተው ነው የሚወጣው። የእኔን ሦስት ጊዜ ያያሉ። ስንት ልጅ ከእኔ እንዳዳኑ እግዚአብሔር ይወቀው።

ያን ቀን ሮጬ ወደ በር ወረድኩ። ልጅቷ የታሰረ ፍራሿ ላይ ተቀምጣለች። ማለፏን ነገርኳት። ብድግ አለች፤ “መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደግመው አነበቡልኝ” አለችኝ።

“ምንም አይደል፣ ሥራዬ ነው” አልኳት። ያን ጠዋት እትዬ እስኪገለብጡልኝ ድረስ አንዴም አላነበብኩትም ነበር። አልነገርኳትም።