ብልጭታ ሳሙና

«ቁም! ካሜራው ይቁም!» አለ የፕሮግራም ኃላፊው፣ የስቱዲዮውን በር በትከሻው ገፍቶ እየገባ። «ይሄ ብልጭታ ሳሙና የምትሉት ማስታወቂያ የታለ? ማህደር ክፍሉ ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው።»

የተቋረጠው ትዕይንት ቀላል ነበር። በአስቂኝ ተከታታይ ድራማው ውስጥ እናትና ልጅ ሳሎን ቁጭ ብለው ሰው ያማሉ። ልጅቷ ወሬ አነፍናፊዋን ጎረቤታቸውን አንስታ «እሷማ ብልጭታ ሳሙና ናት፤ ከጆሮ ጀርባም ትደርሳለች» ትላለች። አባባሉ ከድሮ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ የመጣ ነው ተብሎ ነበር። በልምምዱ ተዋንያኑ በሳቅ ፈርሰዋል።

ንግግሩን የጻፈችው ሴት ከካሜራው ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ባልደረቦቿ «ሬዲዮ» ይሏታል። የድሮ ዘፈን፣ የፊልም ንግግር፣ የኳስ ዘጋቢ ጩኸት፣ ሁሉም ጭንቅላቷ ውስጥ አለ። ገጸ ባሕርያቷ የሚጣሉትም የሚታረቁትም በዚያ ነው። አታብራራም። «የገባው ላልገባው ይንገረው፤ ተመልካቾቹ አንድ ሶፋ ላይ አይደል የተቀመጡት?» ትላለች። ድራማው በታየ ማግስት አውቶቡስ ውስጥ ሰው የሷን ንግግር ሲወራወር የሰማ ሁሉ ትክክል መሆኗን ያውቃል።

አንድ ደንብ አላት። ከሷ ሌላ የሚያስታውሰው ሰው ያልተገኘለት ነገር ድራማው ውስጥ አይገባም። ባለፈው ወር ግን የአንዱን ዘፋኝ ዘፈን የሌላ ነው ብላ ጽፋ ጣቢያው ይቅርታ ጠይቋል። ኃላፊው ያኔ፣ ስህተቱ ከተደገመ ድራማውን ለሌላ ደራሲ እሰጣለሁ ብሏል።

«ምስክር አለኝ» አለች። «ጋሼ፣ ያስታውሱታል አይደል?»

«እንዴታ!» አሉ አያት ሆነው የሚጫወቱት አንጋፋ ተዋናይ። «ሰማያዊ ፎጣ ያገለደመ ልጅ ነበር። ጥርሰ ወላቃ።»

«ማህደሩ የለም ይላል እኮ።»

«ማህደሩ በዕድሜ እኔን ያህላል?»

ስቱዲዮው ሳቀ። ኃላፊውም ለዘብ አለ። «በቃ፣ መቼ እንደታየ በግምት ንገሪኝና ቀጥሉ።»

ሬዲዮ ኮሪደር ወጥታ ለእናቷ ደወለች።

«እማ፣ የብልጭታ ሳሙና ማስታወቂያ መቼ ነበር?»

«የምን ማስታወቂያ?»

«ስታጥቢን የምትዘፍኚልን።»

እናትየዋ ሳቁ። «ውይ ልጄ! እኔ እኮ ነኝ ያወጣሁት። አንቺ ውሃ ስታዪ ጩኸትሽ ሰፈሩን ያናውጠው ነበር። በቴሌቪዥን የወጣ ነው ብዬ ስዘፍንልሽ ዝም አልሽ።»

«ሳሙናውስ?»

«የልብስ ሳሙና ነዋ! ቆርጬ በወረቀት እጠቀልለው ነበር።»

አንድ ዓመተ ምህረት ጠርታ መገላገል ትችል ነበር። ምስክሯ በሩ ማዶ ቁጭ ብለዋል፤ ኃላፊውም ተቀብሏል። ተመልሳ ገባችና መሃል ላይ ቆመች።

«ማስታወቂያው አልነበረም» አለች። «እናቴ ናት የፈጠረችው። ሳሙናውም የለም።»

ሁሉም ወደ ጋሼ ዞረ።

«ፎጣው ግን ሰማያዊ ነበር» አሉ ጋሼ፣ ቀስ ብለው።

ማንም አልሳቀም። ኃላፊው ወደ ሬዲዮ እያየ ነበር። «ምን እንዳልኩሽ ታስታውሻለሽ።»

«አስታውሳለሁ።»

«ቆይ እስቲ» አለች እናት ሆና የምትጫወተው ተዋናይት፣ ጽሑፉን እያገላበጠች። «እዚህ ላይ ማስታወቂያ የሚል ቃል የታለ? ሳሙና ናት ነው የሚለው። እንደ ልማዷ አላብራራችውም እኮ!»

ኃላፊው ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። ገለበጠ። እንደገና አነበበ። እውነትም ቃሉ የለም።

«እናትሽ ሌላስ ምን ፈጥረዋል?» አለ።

«እንግዲህ እጠይቃታለሁ።»

«ቀጥሉ» ብሎ ወጣ።

የድራማው ክፍል እንዳለ ተላለፈ። ድራማውንም እስከ መጨረሻው ሬዲዮ ጻፈችው። ክፍሉ በተላለፈበት ሳምንት የብልጭታ ሳሙናን ማስታወቂያ በልጅነታቸው እንዳዩት የሚናገሩ ተመልካቾች ለጣቢያው ደወሉ። አንዱ ስለ ሰማያዊው ፎጣ ተናግሯል።