የአክስቴን ባትሪ ያደስኩ ሰሞን

ብሎን ያለው ነገር ሁሉ እንድፈታው የተሠራ ይመስለኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። እናቴ ሬዲዮኗን ፈትቼ ስገጥም የተረፉትን ብሎኖች በስኳር ጣሳ አስቀምጣ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታሳያለች። ሬዲዮኑ እስከ ዛሬ እንደሚሠራ ግን ለማንም አትናገርም። ስለዚህ የአክስቴ ባትሪ ነገር ሲነሳ ቤተሰቡ ሁሉ ወደ እኔ መዞሩ አይቀርም ነበር።

ቤታችን ሰቆጣ ከተማ ዳር ነው። ከጓሯችን ቀጥሎ መሬቱ ቁልቁል ይወርድና ገደል ይሆናል፤ ከገደሉ ማዶ ባለው ተረተር ላይ የእናቴ ታላቅ እህት ብቻዋን ትኖራለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጆቿም አረብ አገር ናቸው። ቤቷ ከእኛ ጓሮ ሲያዩት እጅ ቢዘረጉ የሚነካ ይመስላል፤ ወርዶ መውጣቱ ግን የጎረምሳ ጉልበት ይፈታል። ድሮ እናቴና አክስቴ ማምሻውን ወዲህና ወዲያ ማዶ ቆመው በአገራችን ቋንቋ በኽምጣና ይጠራሩ ነበር። የሰው ሐሜት ሳይቀር በጩኸት ስለሚያወሩ ከታች ያለው መንደር ምንም የሚያመልጠው ወሬ አልነበረም። ድምፃቸው እየደከመ ሲመጣ ወደ ባትሪ ዞሩ። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ እናቴ ጓሮ ወጥታ ባትሪዋን ብልጭ ድርግም ታደርጋለች፤ አክስቴም ከማዶ ትመልሳለች። ደህና ነኝ፣ አለሁ ማለት ነው። እኛ ቤት ራት የሚቀርበው ከዚያ በኋላ ነው።

ስልክማ ገዝተንላት ነበር። ግን በእሷ በኩል ኔትወርክ የሚገኘው ከቤቷ በላይ ያለው ቋጥኝ ጫፍ ላይ ሲወጡ ብቻ ነው። ደህና ነኝ ለማለት ብላ ወድቃ እንዳትሰበር ፈርተን ተውነው።

ባትሪዋ የሟች ባሏ ነው። ፍየል ሊገዛ ወደ እኛው ቆላ ወደ ዝቋላ ሲወርድ ከእጁ የማይለየው፣ ሦስት ድንጋይ የሚጎርስ፣ ዱላ የሚያህል የብረት ባትሪ። ብርሃኑ ግን ደክሟል፤ አክስቴ ከማዶ ስታበራው ክብሪት የጫረች እንጂ ባትሪ የያዘች አትመስልም። ሰማዩ ጥርት ካለ እናየዋለን፤ ትንሽ ጉም ከወረደ በቃ፣ የለም። ያን ጊዜ እናቴ እህል አይወርድላትም። ታላቅ ወንድሜን «ተነስ» ትለዋለች፣ እሱም እያጉረመረመ ይወርዳል፣ እኔም እከተለዋለሁ። ስንደርስ አክስቴ ምንም አልሆነችም። ያለችውን አብልታን፣ መሽቷል ብላ አሳድራን፣ ጠዋት ትሸኘናለች። ያለፈው ክረምት ጉሙ አልነሳ ብሎ ይሄ ነገር ሲደጋገም፣ ወንድሜ ጉልበቱን እያሸ ወይ ባትሪው ይቀየር ወይ እኔ ከዚህ አገር ልጥፋ አለ።

አዲስ ባትሪ ገዝተን ወሰድንላት። በኤሌክትሪክ የሚሞላ ፕላስቲክ ነው፤ እሷ ዘንድ ደግሞ መብራት የለም። በዚያ ላይ እጇ ላይ መዘን አድርጋ የልጅ መጫወቻ ነው ብላ መለሰችልን። እንግዲያው ገላው ይቆይ፣ ሆዱ ይቀየር ብዬ የድሮውን ይዤ ተመለስኩ።

ከስልክ ጠጋኞች ሱቅ ጥርሱ ከአሮጌው ጋር የሚገጥም ኤልኢዲ አምፖል ገዛሁ። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘርግቼ ባትሪውን ስፈታው የውስጡ ነገር ለጉድ ነበር። አንዱ ድንጋይ አፍስሶ ነጭ ዱቄት አድርቋል፣ ሞላው ዝጓል። በሎሚ አጠብኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፣ አደረቅኩት። አዲሱን አምፖል አጥብቄ፣ አዳዲስ ድንጋዮች ከትቼ፣ ማብሪያውን ገፋሁት። ምንም። እናቴ ካለችበት ሆና ጉሮሮዋን ጠረገች።

አንዳንዱን ጥፋት ለማግኘት መቆጣት ይጠቅማል፤ እኔ ሁለት ጊዜ ፈትቼ ስገጥመው ነው ነገሩ የበራልኝ። አክስቴ ድንጋዮቹን ገልብጣ ነበር የምትከታቸው፤ እኔም እንዳገኘኋቸው መልሼ ደረደርኳቸው። ባለ ክሩ አምፖል ከየት በኩል እንደመጣለት ግድ የለውም፣ ይበራል። ኤልኢዲው ግን ካልተስማማው ንቅንቅ አይልም። ገለበጥኳቸውና ክፍሉ ቦግ አለ። አሁን ደግሞ ብርሃኑ እንደ ፈሰሰ ውሃ ተበትኖ ሩቅ አይሄድም። አምፖሉ ቦታው ላይ ጠልቆ ስለገባ ነው። ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የጎማ ቀለበት ቆርጬ ከሥሩ አስገብቼ ሳነሳው ብርሃኑ ተሰበሰበ። ጨረሩን እናቴ ፊት ላይ ስሞክረው ምን ብላ እንደረገመችኝ አልጽፍም።

እሁድ ወስጄ አስረከብኳት። ድንጋዩ በየት በኩል እንደሚገባ እንዳትረሳ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አደረግኩላት። አክስቴ ብርሃኑን ግድግዳው ላይ፣ ከዚያ ጣሪያው ላይ፣ ከዚያ መዳፏ ላይ አየችው፤ እጄንም ሳመችው። የዚያን ዕለት ማታ ከማዶ ስታበራ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ። ጎረቤቶች መኪና ገደሉ ላይ የወጣ መስሏቸው ደጅ ወጡ። እኔ ደግሞ አጥር ተደግፌ፣ የእኔ ሥራ ነው፣ የእኔ ሥራ ነው እያልኩ ለመጣው ሁሉ አስረዳሁ። ጉራዬ ለሰሞኑ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ እስከ መስቀል ድረስ ቀጠለ።

ጉም ቢወርድም፣ ቢያካፋም፣ ያ ነጭ ብርሃን ሰንጥቆ ይመጣል። እናቴ አይታ ትገባለች፣ ራት ይቀርባል። ወንድሜ ጉልበቱ ዳነለት። ሰው ስለ አክስቴ ሲጠይቀን ማታ አየናት እንላለን። መስቀል መጣ፣ ከጓሯችን ሆነን አየናት፤ እናቴን ጉልበቷን ያማት ነበር፣ ወንድሜ ሥራ በዝቶበት ነበር፣ እኔም የሆነ ነገር ነበረብኝ።

ኅዳር ውስጥ፣ ሰማዩ ጥርት ባለ አንድ ምሽት እናቴ ባትሪዋን አበራች። ማዶው ጨለማ ነው። ደግማ አበራች። ወንድሜ ድንጋዩ አልቆባት ይሆናል አለ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከእነዚያ ጉልበቶቿ ጋር፣ ቁልቁል መውረድ ጀመረች። ተከተልናት። እኔ መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር እለምን ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ እንዲሆን። የጎማው ቀለበት ተንሸራቶ በሆነ፣ አምፖሉ ላልቶ በሆነ፣ ሥራዬ ሁሉ ከንቱ በሆነ፣ እሷ ብቻ ደህና ትሁን። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን የፈራሁበት ጊዜ የለም።

የቤቷ በር ክፍት ነው። አክስቴ መደቡ ላይ የክት ቀሚሷን ለብሳ ተቀምጣለች።

«አክስቴ፣ ምን ሆነው ነው?» አለ ወንድሜ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

ምንም አልሆንኩም አለችው። ባትሪው አጠገቧ ነው። አነሳሁና ማብሪያውን ገፋሁት፤ ቤቱ ቀን ሆነ። ምድጃው ላይ ለማኅበር የምታወጣው ትልቁ ድስት ተጥዷል። መሬቱ ላይ አጎዛ ተነጥፏል፤ የታጠቡ የጠላ ጣሳዎች ተደፍተዋል፣ ለአራት ሰው።

እናቴ በሩ ላይ እንደቆመች ቁጣዋን ጀመረች። ልባችን ወደቀ፣ ሞተሽ መስሎን፣ ባትሪው ደህና ሆኖ ሳለ እንዴት አታበሪም ትላለች። አክስቴ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

«ደብዛዛ ሳለ ትመጡ ነበር» አለች። «አሁን እናንተ በየማታው ታዩኛላችሁ። እኔ እናንተን ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው?»

አፈርኩ። ወንድሜም መሬት መሬት ያይ ነበር። እናቴ ገብታ እህቷ ጎን ተቀመጠችና ለመታጠብ እጇን ዘረጋች። ውሃውን እኔ አፈሰስኩላት።