ንጹሕ የተባለው ቁስል

ሆስፒታሉ ውስጥ «ቆጣሪዋ» እያልን ነው የምንጠራት። ነርስ ናት፤ ሥራዋ ግን ለሕክምና ገብተው እዚያው ኢንፌክሽን የያዛቸውን ሕሙማን መቁጠር ነው። ካርድ እያገላበጠች በእርሳስ ጭረት ስትቆጥር አሥራ አንድ ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ አብሬያት ሠርቻለሁ። ሰው ሁሉ ዝምተኛ ይላታል። ዝምተኛ አይደለችም፤ ቂመኛ ናት። እኔ ደግሞ የምወዳት ለዚሁ ነው።

ቂም የያዘችው በቀዶ ሕክምና ክፍሉ ኃላፊ ላይ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት የታናሽ እህቷን ትርፍ አንጀት ያወጣው እሱ ነበር። ልጅቷ በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ጀመራት፤ በዘጠነኛው ሞተች። ያ ሰው ግን በየጠዋቱ ካርዷ ላይ «ቁስሉ ንጹሕ ነው» እያለ ጻፈ። ይባስ ብሎ አስከሬን ሊወስዱ የመጡትን እናት «እርስዎ ነዎት በእጅዎ ነካክተው ያበላሹት» አላቸው። አመኑት። ዶክተር ነዋ! ከዚያን ቀን ወዲህ ልጄን ገደልኳት እንዳሉ ነው። ቆጣሪዋ «እማዬ፣ አንቺ አይደለሽም» ብትል ብትሠራ ማን ሊሰማት!

የአቆጣጠር ደንባችን ደግሞ ለሰውዬው በልኩ የተሰፋ ነበር፤ ሐኪሙ ራሱ «ኢንፌክሽን» ብሎ ካልጻፈ አይቆጠርም። እሱ ጽፎት አያውቅም። በየዓመቱ ዜሮ፣ በየዓመቱ የምስክር ወረቀት፣ በየዓመቱ ጭብጨባ። እኔ ብሆን በወንበር እለው ነበር።

ዘንድሮ ካርዱም፣ የላቦራቶሪ ውጤቱም፣ የመድኃኒት ትእዛዙም ኮምፒዩተር ውስጥ ገባ። ማሽኑ ሐኪሙ ምን አለ ብሎ አይጠይቅም፤ ትኩሳቱን፣ የቁስሉን ምርመራና የተቀየረውን አንቲባዮቲክ አገናኝቶ ራሱ ይለያል።

«ለሙከራ የአንድ ዓመት የድሮ ካርድ እናስገባለን። የቱን ዓመት እናድርገው፣ ሲስተር?» አላት የኮምፒዩተር ባለሙያው።

ዓይኗን ሳታሽ ነገረችው።

ሁለት ወር አቧራ እየቃመች ከመዝገብ ቤት ካርድ፣ ከላቦራቶሪ መዝገብ ውጤት እያወጣች አስገባች። የማንንም አልዘለለችም፤ ምንም አልጨመረችም። «አንዲት ቁጥር ብዋሽ ያመልጠኛል» ትለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ማሽኑ ዘረገፈው። የሰውዬው ዜሮ ሠላሳ አንድ ሆነ። ከእነዚያ አምስቱ በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ኦፕራሲዮን ክፍል የተሠሩ ናቸው፤ የአምስቱም ቁስል ላይ የተገኘው ባክቴሪያ አንድ ነው። አራተኛዋ እህቷ ናት። እናትየው የቀሩትን አራቱን በዓይናቸው እንኳ አይተዋቸው አያውቁም።

በወርኃዊው ስብሰባችን የክፍል ኃላፊ የክፍሉን ዝርዝር ራሱ፣ ጮክ ብሎ ማንበብ አለበት። ያን ዕለት ቆጣሪዋ እናቷን ይዛ መጥታ ከጎኔ አስቀመጠቻቸው። ሰውዬው አላወቃቸውም። አራተኛዋ ላይ ሲደርስ ድምፁ ወረደ።

«አልተሰማም፣ ዶክተር። ይድገሙልን» አለች ቆጣሪዋ።

«ሴት፣ ሃያ ሁለት ዓመት፣ ትርፍ አንጀት» አለ።

«ኢንፌክሽኑ ከምን መጣ? ከጠያቂ እጅ ነው?»

የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ቀና ብሎ አየው። «አይደለም» አለ ሰውዬው፤ «ከኦፕራሲዮን ክፍሉ ነው።»

እናትየው ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። እኔ፣ ምን እዋሻለሁ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እሷ ግን ገና አልበረደላትም። ከወንበሯ ተነሣች።

«እናቷ እኚህ ናቸው። ይቅርታ ይጠይቋቸው፤ የልጃቸውን ስም ጠርተው።»

ሰውዬው ወረቀቱን ገለበጠ፤ መልሶ ገለበጠው። ያለው የካርድ ቁጥር ብቻ ነው። ዘጠኝ ቀን አልጋዋ ሥር እየቆመ የጻፈላት ልጅ ስም አልመጣለትም። እናትየው ናቸው የነገሩት።