የቤቴን ካርታ ያነደድኩለት ገንፎ

በዚያ የረሃብ ዓመት፣ ገዳሪፍ ውስጥ ማሽላ እንደ ወርቅ በተከበረበት ጊዜ፣ የቤቴን ካርታ አንድጄ ገንፎ አበሰልኩበት። ሰክሬ አይደለም። የሰከረ ሰውማ ከእኔ የተሻለ ምክንያት አያጣም።

የመሬት መዝገብ ኮምፒውተር ውስጥ ሊገባ ነው፣ ባለቦታ ሁሉ ይቅረብ፣ ያልተመዘገበው የመንግሥት ይሆናል ተብሎ ነበር። እኔ ብልሁ ታዲያ፣ ሁሉን አዋቂ ማሽን ከመጣ ወረቀት ምን ይሠራል አልኩ። ከጎረቤቴ የተበደርኩት ከሰል እርጥብ ነበር፤ ካርታዬ ግን ደረቅ። ጥሩ ነደደ። በልቼ፣ ጥምጣሜን አሳምሬ፣ ባዶ እጄን ወደ መሬት ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ።

ጸሐፊው ወረቀቴን ጠየቀኝ።

"ማሽኑ ውስጥ የለም እንዴ?"

ማሽኑ የሚያውቀው ከወረቀት የተገለበጠለትን ብቻ ነው አለኝ፤ ሕጉም ቢሆን ከዚያ በላይ አያምነውም። የናንተስ ቅጂ ብዬ ብጠይቀው፣ በልቶታል አለኝ፤ እዚያም ምስጥ ቀድሞኛል። ወረቀት የሌለው፣ አዋሳኙ ቀርቦ ይማልለት ተባልኩ። ቦታዬ በሦስት ወገን መንገድ ነው፤ መንገድ አይምል። በአራተኛው ሐጃ አለች፤ ከመተማ መጥታ ፉል የምትሸጥ፣ በፍየሏ ሰበብ ስንጨቃጨቅ የኖርን፣ ከሰሉንም ያበደረችኝ እሷው።

ቤቴ ከጦርነት የሸሹ ሁለት ቤተሰቦች ተጠግተውብኛል። እሷ እምቢ ካለች ሁላችንም ጎዳና መውደቃችን ነው። በሯ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ፉሏን እያማሰለች ሰማችኝ። አልሳቀችም፤ አለመሳቋ አስፈራኝ።

"አያ፣ ገንፎው ጨው ነበረው?"

"አልነበረውም።"

"ለጨው አልባ ገንፎ" አለችና ድስቷን ከድና ተነሳች።

ጽሕፈት ቤቱ ደርሳ ማለች። እስከ ኒሟ ዛፍ ድረስ የእርሳቸው ነው፣ ኒሟ የእኔ ናት፣ ፍየሌ ከጥላዋ ሥር እንደምትተኛም ይግባልኝ አለች። ጸሐፊው ለፍየል የሚሆን ቦታ ማሽኑ ላይ የለም አላት።

"እንግዲያ መዝገባችሁ ገና ነው" አለችው።

እንዲህ ሆኜ ባለቦታ ሆንኩ። ወደ ቤት ስንመለስ ያለችኝ አንድ ነገር ነው፤ ከሰሌን ሲመልሱ ደረቅ ይሁን።

እስካሁን አልመለስኩም። ፍየሏ በየማለዳው ደጄ ላይ ቆማ ታየኛለች።