ሦስተኛዋ ቅምቡላ

ጎረቤቴ ይርጋ በዕድሜ ልጄ ይሆናል፤ ጠባዩ ግን የሽማግሌ ነው። ዱመርሶ ባለው የቡና ማጠቢያ እሸት ቡና የሚረከበው እሱ ነው። ከቀዩ አረንጓዴ ቀላቅሎ የመጣ ሰው፣ የሥጋ ዘመዱም ቢሆን፣ ጆንያውን ዘርግፎ እስኪለቅም ድረስ ሚዛን አያስነካውም። አንድ ቀን የገዛ አጎቱን ሲያስለቅም ዋለ። ሰውዬው "ለአጎትህ እንኳ አታፍርም?" ብለው ቢቆጡ፣ "ቡናው አጎቴ አይደለም" አላቸው። ከተማችን ወናጎ ላይ እስከዛሬ ይሳቅበታል።

ወታደር ነበር። ሰሜን ግንባር ሞርታር ተኳሽ ሆኖ ቆይቶ፣ የግራ ጆሮውን እዚያው ትቶ ተመለሰ። የጓደኛውን የታሪኩንም መርዶ ይዞ የመጣው እሱ ነው። ታሪኩ የእማማ ማንጠግቦሽ አንድ ልጅ ነበር፤ ከይርጋ ጋር አብሮ ተመዝግቦ እዚያው ሞርታር ላይ ተመደበ። አንድ ጠዋት ከማዶ መንደር የተተኮሰ ቅምቡላ ታሪኩን ከጎኑ ገደለው። ይርጋ መልሶ ተኮሰ፤ የማዶውም ዝም አለ። እኛ የምናውቀው ይህን ያህል ነበር።

እማማ ማንጠግቦሽ በዚህች ነገር ነበር የሚጽናኑት። አራት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ቆጮ ጋግረው ለይርጋ ያመጣሉ። "የልጄን ደም የመለሰ እጅ ይባረክ" ይሉና እጁን ይስማሉ። እሱ ያን ጊዜ ዓይኑን የት እንደሚያደርገው ይጠፋዋል። እኔ ትሕትና መስሎኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት አስተማሪ ሆኜ የልጆች ፊት ሳነብ ኖሬ ይህን አለማየቴ ያናድደኛል።

ባለፈው ጥር ይርጋና እማማ ማንጠግቦሽ የሚሄዱበት ቤተ ክርስቲያን እሱን ሽማግሌ አድርጎ ሊሾመው ፈለገ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ግን ጴንጤዎቹ ምስክርነት እንዴት እንደሚሰጡ ወናጎ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። እንዲህ ነበርኩ፣ ጌታ አገኘኝ፣ እንዲህ ሆንኩ፣ ሃሌ ሉያ! ፓስተር ፀጋ "ጌታ ከጦርነት እንዴት እንዳወጣህ መስክር" አሉት። ወጣቶቹ ደግሞ ጀግንነቱን እንዲያወራላቸው ፈለጉ።

ከምስክርነቱ ሁለት ቀን በፊት ይርጋ እኔ ዘንድ መጣ።

"መምህርት፣ ስለ ጦርነት የሚፈቀደው ወሬ ሁለት ነው፤ ወይ ጀግና ነኝ፣ ወይ ኃጢአተኛ ነኝ። የእኔ አንዱም ውስጥ አይገባም" አለኝና የሆነውን ሁሉ ነገረኝ።

ደነገጥኩ። "በል ዝም በል" አልኩት። "እማማ ማንጠግቦሽ ፊት ለፊት ነው የሚቀመጡት። ያለቻቸው መጽናኛ ያቺው ናት።"

"ዝም ብዬ እኮ ቆጮአቸውን እየበላሁ ነው።"

እሑድ ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩና ከኋላ ተቀመጥኩ። ይርጋ ማይክሮፎኑን ይዞ፣ እሸት ሲረከብ በሚናገርበት ድምፅ ተናገረ።

"ሦስት ቅምቡላ ተኮስኩ። የመጀመሪያዋ አልፋ ሄደች። ሁለተኛዋ መሣሪያቸው አጠገብ አረፈች። በሁለቱ አልጸጸትም፤ ባልተኩስ ኖሮ ሁላችንም አልቀን ነበር። ነገም ቢሆን እተኩሳለሁ።"

ከወጣቶቹ በኩል "አሜን!" ተባለ።

"ቆዩ፣ አልጨረስኩም። የማዶው ዝም አለ። ጠፍቶ ይሁን፣ እንደገና እያጎረሰ ይሁን አላውቅም። አዛዡም ጨምር አላለኝ፣ ይበቃልም አላለኝ። እዚህች አለማወቅ ውስጥ ልሸሸግ እችል ነበር። ግን ሦስተኛዋን ስለቃት ያሰብኩት መሣሪያውን አይደለም፤ ታሪኩን ነው። ቤት ላይ ወደቀች። ከሰዓት በኋላ መንደሩ ስንገባ አንዲት ሴት ከወፍጮ ተመልሳ በሯ ላይ ቆማለች። ዱቄቱን ከጀርባዋ አላወረደችውም። ባሏና ልጇ ውስጥ ነበሩ። እማማ ማንጠግቦሽ፣ በየሳምንቱ የሚስሙት እጅ ይህ ነው።"

አሜን የሚል ጠፋ። እማማ ማንጠግቦሽ ጃንጥላቸውን አንስተው ወጡ። ፓስተሩ መዝሙር አስጀመሩ፤ ሹመቱም ለሌላ ጊዜ ተባለ።

ከዚያ በኋላ ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ "ሠራዊቱን አዋረደ" አለ፤ ገሚሱ "ለምን ነገም እተኩሳለሁ ይላል፣ ንስሐው ግማሽ ነው" አለ። እኔ ሁለቱንም ወገን በየደጃፉ ሞግቻለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ይህ ሰው ወግቶም አልረሳም፣ ምን አድርግ ነው የምትሉት? ቴሌቪዥን ላይ "ተመጣጣኝ አጸፋ" ሲሉ በሰማሁ ቁጥር "ስንተኛዋ ላይ?" እያልኩ እጮኻለሁ። ለባሌ እብድ መስዬዋለሁ።

በቅዳሜው ይርጋ በረንዳው ላይ ሲጠብቅ ዋለ። እማማ ማንጠግቦሽ አልመጡም። በሁለተኛው ቅዳሜ እኔም አብሬው ተቀምጬ ሳለ መጡ። በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ይዘዋል፤ ሁለት ጥቅል፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ትልቅ። እጁን አልሳሙትም።

"ያች ሴት ስሟ ማነው?" አሉት።

"አላውቅም፣ እማማ።"

"የባሏስ? የልጇስ?"

"አላውቅም።"

"በልጄ ስም ገድለህ ስማቸውን አታውቅም?" አሉና ተቀመጡ። "የሰሜኑ መንገድ ተከፍቷል አሉ። ሂድ።"

"ሄጄ ምን ልበላት? ይቅር አትለኝም እኮ።"

"ይቅር ትበልህ ብዬ አይደለም የምልክህ። እኔ ልጄን ማን እንደገደለ አላውቅም። ማታ ማታ ፊት አወጣለታለሁ፤ አንድ ቀን ሽማግሌ ይሆናል፣ አንድ ቀን ልጅ እግር ይሆናል። እሷ እንኳን ትወቅ።"

ይርጋ "እሄዳለሁ" አለ። እንደ ልማዱ ነው ያለው፤ ሁለተኛ ማሰብ የለም።

እማማ ማንጠግቦሽ ትንሹን ጥቅል ሰጡት። "ይሄ ለመንገድህ።" ትልቁን ጭኑ ላይ አስቀመጡለት። "ይሄ የሷ ነው። ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም።"

ሰኞ ጠዋት ዲላ መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። የአውቶቡሱ ረዳት ትልቁን ጥቅል ጣሪያ ላይ ልጫነው ቢለው እምቢ ብሎ፣ አቅፎት ተቀመጠ።